አህያው የእኔ ነበር

«ዝም አይነቅዝም» ይባላል። ይህን ያለ ሰው ዝምታን ቢበዛ ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ ያስቀመጠ መሆን አለበት። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት አስቀምጬዋለሁ፤ የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ ደግሞ ዱቄት እንኳ በማይሰነብትበት በጂቡቲ ወበቅ። ይነቅዛል።

ደግሞ እወቁልኝ፣ አልዋሸሁም። አንገቴን ነው የደፋሁት። እኛ ዘንድ ሴት ልጅ ሲያመሰግኗት አንገቷን ትደፋለች፤ ሳያመሰግኗትም ትደፋለች። ችግሩ፣ የተደፋ አንገት «አዎ» ይበል «አይደለም» ፊት ለፊት ለቆመው ሰው አይለይም።

የሥዕል ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነበርን፣ እኔና ዘይነብ። እሷ የድሬዳዋ ነጋዴ ልጅ፣ እኔ «አንድ ትምህርት ከወደቅሽ ወደ ቤትሽ» ያለ አባት ልጅ። የፈተና ሥዕሎቻችን ስም ሳይጻፍባቸው ግድግዳው ላይ ተደረደሩ። መምህራችን አንዲት ልብስ ሰፊ የተሳለችበት ሥዕል ፊት ቆመው ራሳቸውን በአድናቆት ሲነቀንቁ ቆዩና፣ አጠገቡ ስለነበርኩ «ያንቺ ነው?» አሉኝ። የዘይነብ ነበር። ዘይነብ ውሃ ልትጠጣ ወጥታለች። ክፍሉ ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ፤ አንገቴን ደፋሁ። መምህሩ ጻፉ። የሁሉም ባለቤት ተለይቶ በመጨረሻ አንድ አህያ ቀረ፤ ዘይነብ ገና ሳትመለስ ተጻፈላት። አህያ መሆኑን የማውቀው እኔ ስለሳልኩት ነው።

እኔ አለፍኩ። ዘይነብ ወደቀችና ትምህርቱን ልትደግም ኮሌጅ ከረመች፤ እኔ ለክረምት ዕረፍት ቤቴ ሄጄ የበቆሎ እሸት በላሁ።

ዛሬ ካርቲየ ሁለት በሚባል የጂቡቲ ሰፈር ውስጥ አብረን የሱቅ ታፔላ እንሠራለን። ፈረንሳይኛና ዐረብኛውን እሷ ትጽፋለች። የሥጋ ቤቱን ፍየል፣ የእንቁላል ሻጩን ዶሮ፣ እንስሳ የተባለን ሁሉ ግን ለእኔ ትሰጠኛለች። ችሎታዬን አይታ ይመስለኝ ነበር። በዚህ ከተማ ከእሷ የቀረበ ሰው የለኝም፤ ስለዚህም ነው በየዓመቱ «ዘንድሮ እነግራታለሁ» እያልኩ ሳልነግራት የኖርኩት።

ባለፈው ሳምንት ለሐጂ ዑመር የግመል ወተት መሸጫ ታፔላ እየሠራን፣ ዘይነብ መሰላል ላይ ወጥታ የግመሌን እግር ታስተካክላለች። እኔ ከታች መሰላሉን ይዣለሁ። ፊቴ አይታያትም። ሁሉንም ነገርኳት፤ ወርዳ ጥላኝ እንዳትሄድ ይመስል መሰላሉን አጥብቄ እንደያዝኩ።

ብሩሿን አላቆመችም።

«አውቃለሁ» አለች። «ውጤት ሲለጠፍ መምህሩ ጋ ሄጄ ነበር። ‹ያ እንስሳ ያንቺ አይደለም እንዴ?› አሉኝ።»

«እና?»

«አባትሽ ትዝ አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አልሽ?»

«እንስሳውን ሁሉ ለምን የምሰጥሽ መሰለሽ? ተለማመጂ ብዬ እኮ ነው።»

በዚህ መሃል ሐጂ ዑመር መጡ። አማርኛን ከከባድ መኪና ሾፌሮቻችን የተማሩ፣ ለሰላምታም ጥሩምባ የሚነፉ የሚመስሉ ሰው ናቸው። ታፔላውን አዩና «ማሻላህ! የማን እጅ ነው?» አሉ።

አንገቴ በልማዱ ሊደፋ ጀመረ፤ ያዝኩት። ቀና ብዬ፣ በሕይወቴ ባልተናገርኩበት ድምፅ፣ «ግመሉ የእኔ ነው፤ እግሩ ግን የእሷ ነው» አልኩ።

ሐጂ ዑመር ግመሉን ከላይ እስከ ታች ደግመው አዩት።

«ግመሉ ጥሩ ነው» አሉ። «እግሩን ብቻ እንደገና ሥሩት።»

ዘይነብ ከመሰላሉ ላይ ቁልቁል አየችኝ። «ሃያ ሁለት ዓመት ዝም ብለሽ፣ እውነት መናገር ዛሬ ጀመረሽ?»

አንገቴን ደፋሁ።