ጋልገሎ ፍየሏን ሲያነብ

ቀትር ላይ የማይተኛ ሰው አላምንም። እውነቴን ነው! ሞያሌ ጠዋት ስትጮህ፣ ስትገበያይ፣ ስትነታረክ ታረፍድና ስድስት ሰዓት ሲሆን ጸጥ ትላለች። አቧራው ራሱ ያርፋል። በዚህ በኬንያው በኩል አንዲት የልብስ ስፌት ቤት አለችኝ፤ ከመጋረጃው ኋላ ደግሞ እኔ፣ ባሌ ጋልገሎና ልጃችን ድራሙ የምንኖርባት ክፍል። ቀትር ላይ ጭንቅላቴን የስፌት መኪናዬ ላይ ደገፍ አደርጋለሁ። አልተኛም፣ አልነቃምም። መጋረጃው ይነፋል፣ መልሶ ይረግባል። እኔም አብሬው ሄጄ እመጣለሁ።

ግን ስለ እንቅልፍ ላወራችሁ አልነበረም የተነሳሁት። ስለ ድራሙ ነው። ልጄ ሦስት ዓመት ሞልቷት አንዲት ቃል አልተናገረችም። ትሰማለች፣ ትስቃለች፣ የፈለገችውን በጣቷ ታሳያለች። ቃል ግን የለም። የጎረቤቴ የሁለት ዓመት ልጅ ከዶሮዎቹ ጋር በሁለት ቋንቋ ይጣላል። በእሱ ቀናሁ! በሁለት ዓመት ሕፃን መቅናት አያሳፍርም? ያሳፍራል። ግን ቀናሁ።

መካሪ ደግሞ ሞልቷል። የእኔ ወገኖች፣ አማርኛ ብቻ አውሪያት፣ ቋንቋ አደባልቃችሁባት ነው አሉ። ኡራን በምትባለው የገጠር መንደር ያሉት የጋልገሎ ዘመዶች፣ ከብቶቹ ጋር ትክረም፣ በእኛ አፍ ቶሎ ትናገራለች አሉ። ጎረቤቴ፣ ኪስዋሂሊ ካላወቀች ትምህርት ቤት ምን ልትሆን ነው ብላ አስጨነቀችኝ። በመጨረሻ ክሊኒክ ወሰድኳት። ሲስተሯ ጆሮዋን መረመረችና፣ «ማማ ድራሙ፣ ልጅሽ በደንብ ትሰማለች። ፖሌ ፖሌ፣ አትቸኩዪ። በፈለጋችሁት ቋንቋ አውሯት። በየቀኑ መጽሐፍ አንብቡላት» አለችኝ።

እኔም ድንበሩን ተሻግሬ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ገዛሁ። ቃጭሏ የጠፋባት ፍየል ታሪክ ነው። ስምንት ገጽ፣ በሥዕል። ላነብላት ስል የትምህርት ቤት መክፈቻ ደረሰና የዩኒፎርም ስፌት አጣደፈኝ። ጋልገሎ ፒኪፒኪ፣ ሞተር ሳይክል ማለት ነው፣ ጠጋኝ ነው፤ ቀትር ላይ ሥራ የለውም። «እኔ አነብላታለሁ» አለ። መጽሐፉን ሰጠሁት። ምንም አልጠየቅኩም። ይህ ሰውዬ የተማረው እዚሁ፣ በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ እንደሆነ፣ አማርኛውንም ከገበያና ከእኔ አፍ እንደለቀመው ለአፍታ ትዝ አላለኝም።

እናም በየቀኑ ቀትር ላይ፣ በእንቅልፍ ልቤ፣ ድምፁን ከመጋረጃው ኋላ እሰማለሁ። ፍየሏ እዚሁ አጠገባችን ካለችው ሰፈር፣ ከቡቲዬ፣ ተነስታ ትሄዳለች። መንገድ ላይ ኤሊን ታገኛለች።

«ሰላም?»

«ሰላም።»

«ላሞቹ ሰላም?»

«ሰላም።»

«ግመሎቹ ሰላም? ልጆቹ ሰላም?»

«ሁሉም ሰላም።»

«ኡራን ዘነበ?»

«ደመናው አለ፣ አልወረደም።»

አቤት ሲያነብ! ቀስ ብሎ፣ ውሃ ወደ ጀሪካን እንደሚቀዳ ሰው። ዓይኔን ጨፍኜ ሁለቱን ቀይ አፈር ላይ ቆመው አያቸዋለሁ። ኤሊዋ አንገቷን ታወጣለች። ፍየሏ ስለ ጉድጓዱ ውሃ ትጠይቃለች፣ ስለ ግራሩ ጥላ ትጠይቃለች። አንድ ቀን ደመናው ስፌት ቤቴ ገብቶ ከጨርቆቹ በላይ የቆመ መሰለኝ። ደስ ይል ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ?

ታዲያ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ባነንኩ። ይቺ ፍየል ከኤሊዋ ጋር የምትለያየው መቼ ነው? ቃጭሉስ?

መጋረጃውን ገለጥኩና፣ «ጋልገሎ፣ ኡራን የሚለው የቱ መስመር ላይ ነው?» አልኩት።

አፈረ። «ፊደሉን አላውቀውም» አለ። «ፍየል ግን አውቃለሁ።»

«እሺ ቃጭሉስ?»

«ሰው ደህንነቱ ሳይጠየቅ ስለ ዕቃ ይጠየቃል እንዴ?»

በእነ ጋልገሎ ዘንድ እንዲህ ነው። እሳት ቢነሳ እንኳ መጀመሪያ ስለ ከብቱ ደህንነት ሳይጠያየቁ ውሃ አምጡ የሚባባሉ አይመስለኝም። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ያን ቀን ግን የሦስት ዓመቱ ጭንቀት ሁሉ አፌ ላይ መጣ። «ልጄ ዱዳ ልትሆን ነው፣ አንተ ትቀልዳለህ! አባቷ ማንበብ ሳይችል እሷ በምን ትናገር!» አልኩት። ክፉ ነኝ አይደል? መጽሐፉን እጄ ላይ አስቀመጠና ወደ ፒኪፒኪዎቹ ሄደ።

በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ ድራሙን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። አነበብኩላት። በሥርዓቱ፣ አራት ነጥቡ ሳይቀር! «ፍየሏ ኤሊን አገኘቻት። ‹ቃጭሌን አይተሻል ወይ?› አለቻት። ‹አላየሁም› አለች ኤሊ።» ገጹን ገለበጥኩ። ትንሽ እጅ መጥታ መለሰችው። ደግሜ ገለበጥኩ። መለሰችው። ሦስተኛ ስሞክር ሥዕሉን በመዳፏ ጠፍ አድርጋ መታችና፣

«ሰላም?» አለች።

«ምን አልሽ የኔ እናት?»

እኔን መች አየችኝ! የምታናግረው ኤሊዋን ነው። «ላሞቹ ሰላም? ልጆቹ ሰላም? ኡራን ዘነበ?» በአባቷ ድምፅ፣ ቀስ ብላ፣ ከእያንዳንዱ በኋላ መልስ እየጠበቀች። ሦስት ዓመት ዝም ብላ ብላ የኤሊ ደህንነት ጠየቀች። እንባዬ መጽሐፉ ላይ ተንጠባጠበ። መልስ መስጠት ነበረብኝና፣ «ደመናው አለ፣ አልወረደም» አልኳት።

ከዚያ ጩኸቴን ለቀቅኩት። ጋልገሎ እጁ በዘይት እንደተነከረ እየሮጠ መጥቶ መጋረጃው ጋ ቆመ። ይቅርታ ልለው ፈለግኩ። አልወጣልሽ አለኝ፤ አሁን ደግሞ ዱዳዋ እኔ ሆንኩ። ዝም ብዬ ልጅቷን ወደ እሱ አዞርኳትና፣ «ድራሙዬ፣ እስቲ ለአባባ ንገሪው!» አልኳት።

አባቷን አየችው። እኔን አየችኝ። መጽሐፉን ከእጄ ላይ ወሰደች፤ ሄዳ ለእሱ ሰጠችው። ከዚያ ዞር ብላ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ስለት የተሳልኩለትን አማርኛ ጥርት አድርጋ፣ «እማ፣ አንቺ ማንበብ አትችይም» አለችኝ።