የመምህር ገመቹ የገደል ቦርሳ

ለመንገድ ሲዘጋጅ ዕድሜው የሚያልቅ ሰው አታውቁም? እኔ አንድ አውቃለሁ። በደርግ ዘመን አምቦ አብሮኝ ያስተምር የነበረው ገመቹ ነው። ምኞቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን ገደል መውጣት ነበር። በእረፍት ሰዓት ሁሉ ከመምህራን ክፍል መስኮት ቆሞ ያየዋል። ገደሉ በአንድ ገመድ ርዝመት አይደረስበትም፤ በየእርከኑ እያረፉ ነው የሚወጣው። ስለዚህ የጀርባ ቦርሳው ልክ መሆን አለበት፤ ከሰፋ ወደ ኋላ ይጎትታል፣ ከጠበበ ውሃና ዳቦ አይይዝም።

ልብስ ሰፊው ሐጂ ሰይድ ከድንኳን ሸራ ሰፉለት። እሱ ግን አራት ጊዜ መለሰባቸው።

«መምህር፣ ሰፋ ሲሉኝ አጠበብኩ፤ ጠበበ ሲሉኝ አሰፋሁ። አሁንስ ገደሉን ሄጄ ልለካው?» አሉት።

በአምስተኛው ቦርሳው ልክ ሆነ። እሁድ ጠዋት ተከትዬው ሄድኩ። ከገደሉ ሥር ስንደርስ አንድ የገበሬ ማኅበር ታጣቂ አስቆመንና ቦርሳውን ፈትሾ ገመዱን አወጣ።

«ኦቦ፣ በዚህ ወዴት ነው?»

«ወደ ላይ» አለ ገመቹ።

«ላይ ማን አለ?»

«ማንም የለም።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ?»

ገመቹ አራት ዓመት ሙሉ ሲዘጋጅ ለዚህ ጥያቄ አልተዘጋጀም ነበር።

«አገሩን ከዚያ ላይ ሆኜ ለማየት» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ እየቀጠነ።

«ያለ ፈቃድ አይቻልም» ብሎ ታጣቂው ገመዱን መለሰለት። ፊታችንን ወደ ከተማ ስናዞር ግን ሰውየው ራሱ አንጋጦ ቀረ።

«ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እውነት፣ ከዚያ ላይ ምን ይታይ ይሆን?»

ሦስታችንም አንገታችን እስኪደክም አንጋጠን ቆምን።