ዳቦ ቀሚው ጋሽ ገናናው

ሐበሻ ባለበት ከተማ ሁሉ ዳቦ በሰላም የማያስበላ አንድ ሰው አይጠፋም። ለፍራንክፈርት የደረሷት መምህረ ቻባታ ወፎካቻ ጋሽ ገናናው ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ፣ የቦርንሃይም ሰፈር ነዋሪ፣ የጣሊያን ዳቦ ጠበቃ።

እሳቸው ፊት «ዳቦ» ብሎ ማለፍ የለም። «የቱ ዳቦ?» ይላሉ። ቻባታ ከሆነ ቆርጠው ወደ መስኮት ያነሡታል፤ በቀዳዳው ጎረቤት ሰፈሩ ኦስትኤንድ ካልታያቸው አይቀበሉትም። ፎካቻ ከሆነ የጋጋሪው ጣት የተወውን ጉድጓድ ይቆጥራሉ። ጠርዙ ተገፎ ሦስት ማዕዘን የተቆረጠውን ለስላሳ ሳንድዊች «ትራሜዚኖ» ካላሉት ይቀየማሉ። አንዴ ኡባን ባቡር ውስጥ ፎካቻው ላይ ቅቤ የሚቀባ ጀርመን አይተው፣ «ዘይት ጠጥቶ የጠገበ ዳቦ ነው፤ ቅቤው ምን ሊሠራለት?» ሲሉ ሰውየውን ከመውረጃው ሁለት ፌርማታ አሳልፈውታል። መዝጊያቸው ሁሌም አንድ ነው፦ «እሱማ ሌላ ነው።»

እኔ ደግሞ ሐሜት ጠብቼ ያደግሁ ነኝና ድምፃቸውን እያስመሰልኩ የቤተ ክርስቲያናችንን ማኅበር አስቅ ነበር። «ጣሊያንን የሚያውቋት በፖስታ ካርድ ነው» የሚለውንም ያስወራሁት እኔ ነኝ።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በዐቢይ ጾም፣ ከቅዳሴ በኋላ የምሳው ተራ የኔ ነበር። ከሱፐርማርኬት ስስ የጣሊያን ቂጣ ገዝቼ፣ አትክልት ጠቅልዬበት፣ «ፎካቻ ነው፤ ንጹሕ የጾም» ብዬ ለወይዘሮ ሸዋረገድ አስረከብኩ። የማኅበሩ ማእድ ቤት ሹም ናቸው፤ በጾም ነገር ምሕረት አያውቁም።

ጋሽ ገናናው አንዱን አነሡ። አሸተቱት። ቅርጫት ውስጥ የጣልኩትን ማሸጊያ አውጥተው አነበቡ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። «እሱማ ሌላ ነው» እስኪሉ ጠበቅሁ። አላሉም።

«ሸዋረገድ፣ ይሄ ሻግቷል፤ አይበላም» ብለው ትሪውን ይዘው ወጡ።

ወይዘሮ ሸዋረገድ ወደኔ ዞሩ። «የሻገተ ነው እንዴ ያመጣህልን?»

«ኧረ ጋሽ ዳቦ ቀሚው ምሳችንን ቀምተውን ነው» አልኩ፣ ለማምለጥ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በሩ ክፍት ነበር።

ተከትዬ ስወጣ ቂጣውን ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ እያራገፉ ነው።

«የአሳማ ሞራ አለበት» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ። «ማንም አልቀመሰም፤ አይዞህ።»

ባዶውን ትሪ ተቀበልኳቸው።

«ደግሞ ፎካቻ አይደለም፤ ፒያዲና ነው። እሱማ ሌላ ነው።»

ማኅበሩ እስከ ዛሬ «ዳቦ ቀሚው» ይላቸዋል። አንድም ቀን አላስተባበሉም። ቅዳሜ ቅዳሜ በሰፈራቸው ጎዳና፣ በርገር ሽትራሰ፣ ይዘውኝ እየዞሩ ዳቦ ያስተምሩኛል፤ እኔም አውቄ እሳሳታለሁ፣ ደስ እንዲላቸው። እውነቱን መናገር ግን ሦስት ዓመት አቃተኝ።

ወይዘሮ ሸዋረገድ፣ ዳቦው አልሻገተም ነበር።