ረጅሙ ለሞት፣ አጭሩ ለዜና

በዚች አገር ሬዲዮን የሚንቅ አንድ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ካለም ሰፈር አይባልም፤ ቤቶች ተጠጋግተው ቆመዋል ማለት ነው እንጂ። ይህ ሰው የጎረቤት ልጅ መታጨቷን ከሽማግሌዎቹ ቀድሞ ይሰማል። መብራት ሲጠፋ ምክንያቱን ያውቃል፤ ሲመጣ ደግሞ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ይናገራል። ተሳስቶ ያውቃል? ኧረ በጭራሽ! ያወራው ነገር ሳይሆን ከቀረ የተሳሳተው ነገሩ ነው።

ጎንደር፣ ሳሙና በር ውስጥ ይህን ከባድ ኃላፊነት ተሸክመው የኖሩት ክቡር አያ ዳኛው ናቸው። ከጎንደር ወዲያ ካለችው ከትክል ድንጋይ የመጡ ናቸው፤ በር ላይ ሲደርሱ ጎንበስ የሚሉ፣ እግረ ረጅም ሽማግሌ። ሥራቸው የእድሩን ጥሩምባ መንፋት ነው። ሰው ሲሞት በማለዳ ተነስተው አንዴ ረጅም ይነፉና የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቤተ ክርስቲያኑን ይናገራሉ። ሌላ ጥሩምባ ነፊ ቢሆን እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። እሳቸው ግን ሟቹ ምን በልቶ እንዳመመው፣ ልጆቹ በቤቱ ሊካሰሱ ማሰባቸውን ሁሉ መርቀው ነው የሚያልፉት። “ኧረ አያ ዳኛው፣ ይሄን ደሞ ከየት አመጡት?” ያላቸው እንደሆነ ጥሩምባውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው፣ “ከምንጩ ነው የቀዳሁት!” ይላሉ። ያ ምንጭ የት እንዳለ ፈልጎ ያገኘ የለም።

ወይዘሮ የትነበርሽ “ከምንጩ” የሚለውን ቃል በሰማች ቁጥር ደሟ ይፈላል። በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች ከቤቷ ደጅ የምትሸጥ፣ ባሏን በጊዜ ቀብራ አንድ ልጇን ቻላቸውን ለብቻዋ ያሳደገች ሴት ናት። ምላሷን ሰፈሩ ያውቀዋል። ቻላቸው ከመተማ ሰሊጥ የሚጭን ሹፌር ነው፤ መንገድ ላይ በዋለ ቁጥር እሷ ሆዷን ይዛ ነው የምትውል። ስለዚህ ወሬ አትወድም። በተለይ የአያ ዳኛውን ወሬ አትወድም። “እኒያ ሰውዬ አንድ ቀን የራሳቸውን ሞት ራሳቸው ለፍፈው ነው የሚቀበሩ” ትል ነበር።

ታዲያ ኮሮና መጣ። ሞንታርቦ የጫነችው ማኪና የሳሙና በርን ጠባብ መንገድ መግባት ሲያቅታት፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ ፅዮን አያ ዳኛው ዘንድ ሄደች። “አያ፣ ሕዝቡ እጁን እንዲታጠብ፣ እንዳይሰበሰብ፣ በጥሩምባዎ ይንገሩልኝ” አለቻቸው። አያ ዳኛው ኮታቸውን ቆለፉ። “ሸጋ” አሉ። “ከዛሬ ጀምሮ መንግሥትና እኔ አንድ ነን።”

በማግስቱ ማለዳ ጥሩምባው ጮኸ። ሳሙና በር ነጠላውን አዘቅዝቆ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ወይዘሮ ለተ ማርያም፣ ለቅሶ ላይ ማንም የማይቀድማት የየትነበርሽ ጎረቤት፣ ማን እንደሞተ ሳትጠይቅ “ወየው ወንድሜን!” ብላ ደረቷን መምታት ጀምራ ነበር። ሰዉ ትከሻ ለትከሻ ተፋፍጎ ከበባቸው። አያ ዳኛው ድምፃቸውን ጠረጉና፣ “ማንም አልሞተም! እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ! አትሰብሰቡ!” አሉ።

ከዚያ ለተ ማርያም፣ “ታዲያ ያለቀስኩትን ማን ይመልስልኛል?” አለች። የትነበርሽም ከወደ ኋላ፣ “ሳሙና በር ተብሎ ስለ ሳሙና መካሪ ያስፈልገው? አትሰብሰቡ ለማለትስ እንዲህ ይሰበስቡናል?” ብላ ሳቀች። ሰዉም ስቆ፣ ተፋፍጎ ከቆመበት ለመበተን ግማሽ ቀን ፈጀበት።

ከዚያ በኋላ ፅዮንና የእድሩ ሰዎች መክረው አንድ ሥርዓት አወጡ። ረጅም አንዴ ሲነፋ ሰው ሞቷል፤ አጭር ሁለቴ ሲነፋ ዜና ነው። አያ ዳኛው ቅር አላቸው። “አጭርማ የባጃጅ ክላክስ እንጂ የጥሩምባ ነው?” አሉ። ቢሆንም ተቀበሉ።

የዚያን ሰሞን ክቡርነታቸው ያልገቡበት ነገር የለም። ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራራቁ ሲባል፣ የቦኖው ውሃ ወረፋ ላይ አዋቂው እኔ ነኝ ብለው በራሳቸው እግር ለኩ። የወረፋው ጭራ ሌላ ሰፈር ገባ፤ የዚያ ሰፈር ሰዎችም ውሃ እዚህ ነው እንዴ እያሉ ጀሪካናቸውን ከኋላ ደረደሩ። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት የበላን ሰው ኮሮና ደጁን አይረግጥም ብለው ለፈፉ፤ ፌጦ ከገበያ ጠፋ። ፅዮን መጥታ ስትቆጣቸው በማግስቱ ሁለቴ አጭር ነፉና፣ “ትናንት ስለ ፌጦ ሲያወራ የነበረው ሰውዬ ተሳስቷል! እንዲህ ያለውን ሰው አትስሙ!” አሉ። ፊታቸው ላይ ቅንጣት እፍረት አልነበረም።

ማስክ ግዴታ ሲሆንም የመጀመሪያው ታዛዥ እሳቸው ናቸው። ችግሩ ጥሩምባ በማስክ ላይ አይነፋም። ስለዚህ ማስካቸውን መሐሉ ላይ በመቀስ ቀደው ለጥሩምባው አፍ ልክ የሚሆን ቀዳዳ አበጁለት። ሲነፉም፣ ሲያወሩም፣ ሲያስነጥሳቸውም በዚያው ነው። “በሩን ዘግተው መስኮቱን ከፈቱት እኮ!” አለች የትነበርሽ።

ያ ሳቅ ብዙ አልቆየላትም። አንድ ከሰዓት ቻላቸው ደወለ። “እማዬ፣ አትደንግጪ። ከመተማ የመጣነውን ሁሉ ሁለት ሳምንት ለይቶ ማቆያ አስገብተውናል። ምንም አልሆንኩም። ስልኬ ባትሪው...” ብሎ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲያ ብትደውል፣ ብትደውል፣ “የደወሉላቸው ደንበኛ” የምትለዋ ሴትዮ እንጂ ልጇ የለም። ለማንም አልተናገረችም። አንጀቷን አስራ ተቀመጠች።

በማግስቱ ጥሩምባው ሁለቴ አጭር ጮኸ። “ከመተማ የተመለሰ አንድ የሰፈራችን ሹፌር ለይቶ ማቆያ ገብቷል! ስም አልጠራም! ስም መጥራት ክልክል ነው!” አሉ አያ ዳኛው። ከዚያ ምላሳቸው አላስችል አላቸው። “በሩ አረንጓዴ ነው!” ብለው ጨመሩ።

ሳሙና በር ውስጥ አረንጓዴ በር ያለው አንድ ቤት ነው።

የትነበርሽ ባዶ እግሯን ወጣች። “አንቱ! ስም አልጠራም ብለው ምን አስቀሩ? የአባቴን ስም?”

“እኔ አልጨምርም፣ አልቀንስም። በርሽ አረንጓዴ አይደለም?”

“ከዛሬ ጀምሮ በደጄ እንዳያልፉ! ሰማዕቱን፣ በደጄ እንዳያልፉ!” አለች፤ ድምጿ ግን መሐል ላይ ተሰበረ። አያ ዳኛው አፋቸውን ከፈቱ። መልሰው ገጠሙት፤ ጥሩምባውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው በመጡበት ተመለሱ።

ከዚያማ ምኑ ይወራል። ሽሮው ራሱ የሚያስል ይመስል የሚገዛት ጠፋ። እሳት ሲጠፋባት ከእሷ ምድጃ የምትጭረው ለተ ማርያም እንኳ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጥላ ማዶ ለማዶ ማለፍ ጀመረች። የትነበርሽ አንድ ቀን ከአዘዞ ወዲያ እስካለው ለይቶ ማቆያ ድረስ ሄዳ፣ ዘበኛው ከሩቅ መለሳት። እንዳመጣችው ምግብ ይዛ፣ መንገዱን ሁሉ እያለቀሰች ተመለሰች።

በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ከአጥሯ ውጭ ሁለቴ፣ ቀስ ብሎ፣ ጥሩምባ ተነፋ።

“የትነበርሽ! አትክፈቺ! ርቄ ነው የቆምኩት፤ በደጅሽ አላለፍኩም! ልጅሽ ዛሬ ምሳውን በልቷል! ሽሮ ነበር፤ እንደ እናቴ ሽሮ አይደለም ብሏል! ከምንጩ ነው!”

በማግስቱም መጡ። “ዛሬ ዳማ ተጫውቶ አንዱን ከድብ ባሕር የመጣ ሹፌር ድባቅ መታው! ሲስቅ ነው የዋለ!” በሌላውም ቀን መጡ። “ወፍሯል! ጉንጩ ሞልቷል!” ይላሉ። “ውሸታም” ትላለች ከበሩ በስተጀርባ፣ ለራሷ። ግን በርጩማዋን ከበሩ ሥር አምጥታ ጆሮዋን ጣውላው ላይ አድርጋ ነበር የምትለው። አንድ ቀን ዝናብ ይዟቸው ዘገዩ። በሩን ስትከፍት ስትዘጋ፣ ስትከፍት ስትዘጋ፣ ማጠፊያው ሊወልቅ ደረሰ።

ሁለቱ ሳምንት ሊሞላ ሲል አንድ ክፉ ወሬ ከገበያ መጣ። ከሹፌሮቹ አንዱ በአምቡላንስ ተወስዷል ተባለ። ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ይሄን እንኳ አያ ዳኛው አልነበሩም ያወሩት። የትነበርሽ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻቸው። መሸ። አልመጡም። አስራ አምስት ዓመት ስትሰድባቸው የኖረችውን ሰውዬ “የእመቤቴ ያለህ፣ አምጪልኝ” እያለች ስትለምን አደረች።

ጠዋት አረፋፈደ፤ ጥሩምባው ጮኸ። አንዴ። ረጅም። በሷ ደጅ።

የትነበርሽ በሩን ይዛ፣ ቀስ እያለች፣ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ውጭ አያ ዳኛው አጥሩን ተደግፈው ያለከልካሉ። “ቻላ... ቻላቸው...” አሉ፤ ትንፋሻቸው እዚያ ላይ ቀረ። ለተ ማርያም ይህቺው ነበረች የምትበቃት። “ወየው ቻላቸዬ! ወየው ጉብሌ!” ብላ ስትወጣ ርቀቱም ኮሮናውም ተረሳ፤ ሰፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ አረንጓዴውን በር ሞላው። አያ ዳኛው እጃቸውን ቢያወናጭፉ የሚያያቸው የለም። ስህተታቸውን ሊያርሙ ጥሩምባውን አንስተው ሁለት አጭር ለመንፋት ሞከሩ፤ ያቺው የቀረቻቸው ትንፋሽ አንድ ላይ ወጥታ ሌላ ረጅም ሆነች።

“ሁለት ሰው ነው የሞተ!” አለ አንዱ። ለቅሶው ባሰ።

በዚህ መሐል አንድ ባጃጅ መጥታ ቆመች። ቻላቸው ሙዝ በፌስታል አንጠልጥሎ ወረደና ፊቱ ክው አለ። “ማን ሞተ?” አለ።

“አንተ ነሃ!” አለችው ለተ ማርያም እንባዋን እየጠረገች። ከዚያ ቀና ብላ አየችውና “በስመ አብ!” ብላ ወደ ኋላ ወደቀች።

የትነበርሽ ሰዉን በክርኗ እየገፋች ወጣች። ልጇን አንገቱን ይዛ አገላብጣ ሳመችው። ስትለቀው አንድ እግር ነጠላ ጫማዋን አወለቀች።

“ረጅም! ረጅም ይነፉብኛል?”

“ወደ አንቺ ልሮጥ ስል ትንፋሽ አጠረኝ እኮ፣ የትነበርሽ!”

“ትንፋሽ ያጠረው ሰው አጭር ነው የሚነፋ!” አለችና እየሳቀችም እያለቀሰችም እስከ ቦኖው ድረስ አባረረቻቸው።

ነገሩ ሲጣራ እንዲህ ነው። በአምቡላንስ የተወሰደው ሹፌር ሌላ ሰው ኖሯል። ሹፌሮቹ ነገ ይለቀቃሉ የሚል ስለሰሙ አያ ዳኛው ከዘበኛው ማዶ ቁጭ ብለው አድረዋል። ቻላቸው ከበሩ ሲወጣ ሰላም እንኳ አላሉትም፤ እሱ እናቱ ዘንድ ባዶ እጄን አልሄድም ብሎ ፒያሳ ሙዝ ሊገዛ ሲወርድ፣ ዜናውን እንዳይቀድማቸው ዳገቱን በሩጫ ነው የወጡት።

ቻላቸው ምሳ ሲቀርብለት እናቱ ትክ ብላ አየችው። “ከስተሃል” አለች። “አያ ዳኛው ወፍሯል ሲሉኝ አልነበር?”

“እሳቸው የት አይተውኝ?”

“በየቀኑ ያገኙህ አልነበር? ዳማ አሸነፍክ፣ ሳቅህ፣ ሽሮው እንደ እናቴ አይደለም አልክ...”

ቻላቸው የጠቀለለውን ጉርሻ እንደያዘ ቀረ። “ኧረ እማዬ፣ ዘበኛው አጥሩን መች ያስጠጋቸው ነበር? ከመንገዱ ማዶ ቆመው ጥሩምባ ይነፋሉ። የመጀመሪያ ቀን ማን ሞተ ብለን ሁላችን ተንጫጫን፤ ሐኪሙ ሳይቀር ወጣ። ከዚያ፣ ‘ቻላቸው! እናትህ ደህና ናት! ሽሮው እየተሸጠ ነው! ስትስቅ ነው የምትውል! ከምንጩ ነው!’ ይሉኛል። የኔ ድምፅ እዚያ አይደርስ። ፎጣ አውለበልብላቸዋለሁ፣ ይሄዳሉ።”

“ፎጣ ብቻ?”

“ፎጣ ብቻ።”

የትነበርሽ ልታጎርሰው የያዘችውን እንጀራ መሶቡ ላይ መለሰች። በዚያ ሁሉ ቀን አንድ ጭልፋ ሽሮ አልተሸጠም ነበር። ጥርሷም ለሳቅ አልተገለጠም ነበር። “ስትስቅ ነው የምትውል አሉህ?” አለች፤ ከዚያ ሳቋ መጣ፣ ተከታትሎ መጣ፣ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ እስክታደርግ ድረስ።

በማግስቱ አያ ዳኛው ያንን የተቀደደ ማስካቸውን አጥልቀው፣ አረንጓዴውን በር ላለማለፍ ዞረው ሊሄዱ ሲሉ በሩ ተከፈተ።

“ምነው አያ ዳኛው፣ በኔ በኩል ወሬ የለም?”

ቆም አሉ። ዓይናቸው ነጠላ ጫማዋ ላይ ነበር። “አለ እንጂ። ይሄ በሽታ ሊጠፋ ሳምንት ቢቀረው ነው።”

“ከምንጩ ነው?”

“ከምንጩ!”

“ሸጋ” አለች የትነበርሽ። በርጩማዋን አወጣችና ሁለት የአዋቂ እርምጃ ለክታ አስቀመጠችላቸው። በእሳቸው እግር አልነበረም የለካችው፤ በራሷ፣ በአጭሩ ነበር።