በሩን ያዞርኩ ቀን

ምስማር መምታት ቀላል የሚመስለው መቺው ሌላ ሰው ሲሆን ነው። ካላመናችሁኝ ኑና የግራ እጄን አውራ ጣት እዩት። አንድ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮልፌ ውስጥ የአቅመ ደካሞችን ቤት ስንሠራና ስናድስ ከከረምን በጎ ፈቃደኞች አንዱ ነኝ። ጥፍሬ ሁለት ጊዜ ወልቆ ሁለት ጊዜ በቅሏል። ሚስቴ ፋሻ እያሰረችልኝ፣ ቤት የሚሠራው ሌላው ነው፣ አንተ እየፈረስክ ነው ትለኝ ነበር።

እንጀራዬ የሒሳብ መምህርነት ነው። ይህን የሰሙ ዕለት አናጺያችን ጋሽ ብርሃኑ ደስ ብሏቸው፣ ልኬት የሚያውቅ ሰው አገኘን አሉ። ደስታቸው እስከ ምሳ ሰዓት ቆየ። ምን ላድርግ? ሰሌዳ ላይ ቀጥ የሚልልኝ መስመር ሁሉ ግድግዳ ላይ ይንጋደዳል። ከምሳ በኋላ ጭቃ ረጋጭ ሆኜ ተመደብኩ። ጭድና ጭቃ በእግር እየረገጡ ማቡካት ልኬት አይፈልግም። መዶሻ የሚሰጡኝ ሰው ሲጎድል ብቻ ነው።

አሁን ታዲያ ዓመቱ እንዴት ነበር የሚለኝ ሰው በዝቷል። ስለሠራናቸው አሥራ አንድ ቤቶች እንዳወራለት ይጠብቃል። እኔ ግን ፊቴ ድቅን የሚለው የእማማ ዘነቡ በር ነው።

እማማ ዘነቡ ከ18 ማዞሪያ ገባ ብሎ፣ ጠባብ ቅያስ ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። ቤታቸው ጎብጦ የሚወድቅበትን ቀን ይጠብቅ ነበር። በራቸው ፊት ለፊት የእማማ ሌንሴ በር አለ። አንዳቸው ቢያስነጥሱ ሌላኛቸው ይማርሽ የሚሉበት ርቀት ነው። ግን አይሉም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጠበኞች ናቸዋ!

ጠቡ በምን ተጀመረ? እማማ ዘነቡ በእጣቢ ውሃ ነው ይላሉ። እማማ ሌንሴ ደግሞ በዶሮ። መንደሩ ረስቶታል። ስድቡ ጠዋት በሮቹ ሲከፈቱ ይጀመራል፣ ለምሳ ይቋረጣል፣ ከምሳ በኋላ ካቆመበት ይቀጥላል። ነገሩ ሲጋጋል እማማ ሌንሴ ወደ ኦሮምኛ፣ እማማ ዘነቡ ወደ ጉራግኛ ይሻገራሉ። ከዘመኑ ርዝመት የተነሣ ሁለቱም የሌላኛቸውን ቋንቋ በስድብ በኩል ለምደውታል። እኔም ጭቃዬን እየረገጥኩ ብዙ ቃል ተማርኩ፤ ክፍል ውስጥ የሚነገር አይደለም እንጂ።

አሮጌው ቤት ፈርሶ አዲሱ ሊቆም ሲል ታዲያ፣ እዚያው ጭቃ ውስጥ ቆሜ ሳለሁ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። በሩን ለምን በጀርባ ወዳለው ሰፊ መንገድ አናዞረውም? ብርሃን ይገባል፣ አየር ይገባል፣ እናቶቻችንም ሰላም ያገኛሉ። ዝም ብል ምን ነበረበት! ሁሉም አጨበጨቡልኝ። ጋሽ ብርሃኑ እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ «መምህር» ብለው ጠሩኝ። እማማ ዘነቡን ስንጠይቃቸው አንገታቸውን ደፍተው፣ እናንተ ካላችሁ ይሁን ልጆቼ አሉ። በነጻ ቤት የሚሠራለት ሰው ሌላ ምን ይላል? ይህን ግን ያኔ ማናችንም አላሰብነውም።

በሩ ዞረ። በቅያሱ በኩል ድፍን ግድግዳ ቆመ። ቤቱ ተመረቀ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ፎቶ ተነሣን። ፎቶው ላይ ጥርሱ ከሁሉም በላይ የሚታየው የእኔ ነው።

ወር ሳይሞላ ልጠይቃቸው ብሄድ እማማ ዘነቡ ተኝተዋል። ምንዎን ነው ያመመዎት? ምንም። እህል መቅመስ ትተዋል። ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም የምትኖረው ልጃቸው በሳምንቱ መጨረሻ ልትወስዳቸው ነው። ያ ሁሉ የለፋንበት ቤት ሊዘጋ!

ቤቱ አልተመቸዎትም ወይ አልኳቸው።

«ቤቱማ ግሩም ነው» አሉና ወደ ድፍኑ ግድግዳ ዞሩ። «ያቺ ሴትዮ ግን ደኅና ናት? ድምጿ ጠፋ» አሉኝ።

በቅያሱ ዞሬ ሄድኩ። እማማ ሌንሴ በራቸው ላይ ተቀምጠው ግድግዳውን ያያሉ።

«አንተ ነህ ይሄን ያስደፈንከው?» አሉኝ።

እኔ ነኝ አልኩ።

«እንግዲህ ከማን ጋር ልዋል? ከጭቃው ጋር?»

ዞረው ሄደው ለምን አይጠይቋቸውም አልኳቸው። ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ። ለካ ሠላሳ ዓመት የተጣሉት ሰው ቤት እግር አንስቶ መሄድ መሸነፍ ነው! በጣም አፈርኩ። ባል ሞቶ፣ ልጆች አግብተው ሄደው ሳይቋረጥ የቀረላቸው ነገር ቢኖር ያ ጠብ ነበር። እኔ በአንድ ቅዳሜ አቋረጥኩት።

በማግስቱ ጋሽ ብርሃኑን ለምኜ አመጣኋቸው። ነገሩን ሰምተው ሲጨርሱ መጋዙን አቀበሉኝና፣ የደፈንከው አንተ፣ የምትከፍተውም አንተ አሉኝ። ለካሁ። ደግሜ ለካሁ። ማገሩን ቆርጬ፣ ጭቃውን አፍርሼ፣ ከአሮጌው ቤት የተረፈውን የእንጨት መስኮት ገጠምኩ። እማማ ዘነቡ ነጠላቸውን እንደተከናነቡ ከአልጋ ተነሥተው መጡና ከፈቱት። እማማ ሌንሴ ከማዶ ቀና አሉ። እኔ በበኩሌ እንባ ጠብቄ መሐረቤን አዘጋጅቼ ነበር።

እማማ ሌንሴ መስኮቱን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ይሄ ነገር ጠማማ ነው» አሉ።

እማማ ዘነቡ አንገታቸውን አውጥተው አዩ። «እውነትሽን ነው፤ ጠማማ ነው።»

«ማን ነው የሠራው?»

«ያ፣ አስተማሪ ነኝ የሚለው።»

«ይሄ ነው ልጆቻችንን የሚያስተምረው? ጉድ በል ኮልፌ!»

በሠላሳ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ። ከዚያ አንዳቸው በኦሮምኛ፣ አንዳቸው በጉራግኛ ያወርዱብኝ ጀመር። ሁሉም ገባኝ። እንደዚያን ቀን ተሰድቤ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እማማ ዘነቡ ዓለም ባንክ አልሄዱም። ጋሽ ብርሃኑ ግን የሙያ ነገር ሆኖባቸው ጠማማውን መስኮት ማየት አልቻሉም። ባለፈው ቅዳሜ ሊያቃኑት ዕቃቸውን ይዘው ቢሄዱ፣ ሁለቱም እናቶች በአንድ ድምፅ አባረሯቸው።

«አቃንተኸው ልትሄድ? እኛስ ምን እናወራለን?» አሏቸው።