ባዶዎቹ ቴፖቼና የላስታ ገበሬዎች ስም

እስቲ ዛሬ ልናዘዝ! ለባሌ እንኳን ያልነገርኩትን ጉዴን ልዘርግፍላችሁ። ስቃችሁ ስትጨርሱ ኮሜንት ላይ እንገናኝ።

ጊዜው ደርግ ነው። እኔ አዲስ አበባ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የኮምፒውተር ኦፕሬተር ነኝ። ኮምፒውተር ስላችሁ ላፕቶፕ እንዳይመስላችሁ! ሜይንፍሬም ነው። አንድ ክፍል ሙሉ የሚይዝ፣ እኛ በሙቀት ስንቀቀል ለእሱ ማቀዝቀዣ የተገጠመለት ጌታ!

እሱ ውስጥ የአንዲት የላስታ ቀበሌ ገበሬዎች ስም ነበር። ክረምት ሳይገባ የገብስ ዘር የሚታደላቸው ቤተሰቦች። ዝርዝሩ ከሌለ ዘሩ ከመጋዘን አይወጣም።

የእኔ ሥራ ምን መሰላችሁ? በየሳምንቱ ዝርዝሩን ከዲስክ ወደ ቴፕ መገልበጥ። ባክአፕ፣ ዲስኩ ቢበላሽ መጠባበቂያ! "ገልብጠሻል?" ሲሉኝ "ድሮ!" እላለሁ። ቴፑ ላይ ቀን ጽፌ ቁም ሳጥን ውስጥ እደረድራለሁ። ሲያምር!

አንድ ጠዋት ዲስኩ ተበላሸ።

ሰው ሁሉ ሲደነግጥ እኔ ደረቴን ነፋሁ። "ምን ያስጨንቃችኋል? ባክአፕ አለን!"

የመጀመሪያው ቴፕ ባዶ። ሁለተኛው ባዶ። ቁም ሳጥኑ በሙሉ ባዶ!

ለካ ቴፑ ጀርባ ላይ የምትገባ የፕላስቲክ ቀለበት አለች፤ እሷ ከሌለች ማሽኑ አይጽፍም። እኔ ደግሞ "ቀለበቷ ከወጣች ማንም አያበላሸውም" ሲባል ሰምቼ፣ ገና ሳልገለብጥ ነበር የማወጣት። ማሽኑ በእንግሊዝኛ ሲጮህብኝ ከርሟል። ሁልጊዜ ስለሚለው ሰላምታ መስሎኝ "ቀጥል" እለው ነበር!

ስሞቹ የመጡባቸው የወረቀት ቅጾችስ አትሉም? "ኮምፒውተር ገብተዋል" ብለን አቃጥለናቸዋል።

"ጓድ አልማዝ፣ ሂጂና ሰው በሰው መዝግበሽ ነይ" አለኝ ኃላፊዬ። ዝናቡ ሊጥል የቀሩት ሳምንታት ናቸው።

አውቶቡስ፣ ከዚያ የጭነት መኪና፣ ከዚያ በእግር። ላስታ ውስጥ ሙጃ አጠገብ ካለችው ቀበሌ ስደርስ ጫማዬ ተረከዙን ጥሏል። የገበሬ ማኅበሩን ጽሕፈት የያዙት የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ፈንታው ናቸው።

"የኔታ፣ የላኩልን ስም ዝርዝር ጠፋብን።"

"ሰረቁት?"

"አይ፣ ማሽኑ ውስጥ እንዳለ ጠፋ።"

"ግልባጭ አልያዛችሁም?"

"ይዘን ነበር። ባዶ ሆኖ ተገኘ።"

"ልጄ፣ ከጻፍሽ በኋላ አንብበሽው ነበር?"

አንድም ቀን! አንድም ቀን አላነበብኩትም!

ተነስተው ከመጻሕፍታቸው መሃል አንድ ደብተር አወጡ። ወደ እኛ የላኩትን ሁሉ ገልብጠው አስቀርተዋል። የሞተው ተሰርዟል፣ ጎጆ የወጣው ተጨምሯል። ከሜይንፍሬማችን ይበልጣል እኮ!

ልቀበላቸው እጄን ስዘረጋ ደብተሩን ደረታቸው ላይ ለጠፉት።

"ለአንቺ? አይሆንም። ቁጭ ብለሽ ትገለብጫለሽ፤ ከዚያ ታነቢልኛለሽ።"

ሁለት ቀን ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ገለበጥኩ። በሦስተኛው ቀን ገበሬው በተሰበሰበበት ጮክ ብዬ አነበብኩ። በተሳሳትኩ ቁጥር ሳቅ!

"አቶ ጥሩዬ..." ስል አንዲት እናት ብድግ አሉ። "ኧረ እቴ! እኔ ዘር እንጂ ጢም መች ጠየቅሁ!"

ላቤ በጀርባዬ እየወረደ ጨረስኩ። ተመስገን ልል ስል የኔታ ጣታቸውን አነሱ።

"ከግልባጭሽ አንድ ሰው ጎድሏል።"

"ማን?"

"እኔ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን አለበት!

አዲስ አበባ ተመልሼ ዝርዝሩን አስገባሁ፣ ገለበጥኩ፣ ቴፑን መልሼ ከፍቼ ስም በስም አነበብኩት። ኃላፊዬ በበሩ አንገቱን አስግጎ "ጓድ፣ ለማን ነው የምታነቢው?" አለኝ። እኔ ቀጣዩን ስም ጮክ ብዬ አነበብኩ። ዘሩም ለጥቂት ዝናቡን ቀድሞ ደረሰ።

በሉ እናንተም ተናዘዙ። ባክአፕ የምትሉትን ነገር ከፍታችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ወይስ መሪጌታ ይላኩባችሁ?