የኦይስተር ደም በነቀምቴ

«ምን ይጠቅማል?» እያለ የሚኖር ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ባዮሎጂ የማስተምርበት ትምህርት ቤት የወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ ኦቦ ቶለሳ እንደዚያ ናቸው። እንግዶች ሊጎበኙን በሚመጡበት ዕለት፣ ከተማሪዎቼ ጋር መንገድ ዳር ባለው ግድግዳ ላይ የሣልነውን ኦይስተር አዩት። ኦይስተር ዛጎል ውስጥ የሚኖር የባሕር እንስሳ ነው።

«አዴ አስቴር፣ እዚህ ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ውስጥ ባሕር አለ እንዴ? አሁኑኑ ይጥፋ! አለዚያ አመለክታለሁ!» አሉ፣ ከተማዋ ልትሰምጥ የደረሰች ይመስል።

«ያመልክቱ፤ አይጠፋም» አልኩና ሥዕሉ ፊት ቆምኩ።

«ለመሆኑ ይህ ነገር ደም አለው?»

«አለው። የደሙ ሕዋሳት ጀርም ይውጣሉ። ጀርሙን ለይተው የሚያውቁ ፕሮቲኖችም አሉት።»

«ደሙስ የት ይመረታል?» አሉ ሳያስቡት።

«የእኛ ደም አጥንታችን ውስጥ ባለው መቅኔ ይመረታል፤ እሱ ግን አጥንት የለውም። የእሱ ደም የት እንደሚመረት ተመራማሪዎች ገና ይከራከራሉ።»

«ታዲያ ያልታወቀ ነገር ነው የሚያስተምሩት?»

«አዎ! የታወቀውንማ መጽሐፉም ይነግራቸዋል።»

እንግዶቹ በር ላይ ደርሰው ስለነበር ኦቦ ቶለሳ ሊቀበሏቸው ሄዱ። ሰኞ ጠዋት እኔና ተማሪዎቼ ሥዕሉ ላይ አንድ ትልቅ የጥያቄ ምልክት ጨመርንበት፤ ከመንገድ እንዲታይ፣ በቀይ ቀለም።